ምንም ሳይገዙ በጅጅጋ መዋል

ከጅጅጋ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ይዘህ መጣህ?» ተብሎ ነው። ሽቶ፣ ብርድ ልብስ፣ ስልክ፣ ተምር፣ የዱቄት ወተት። በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ላደገ ሰው ጅጅጋ የዕቃ ስም ሆና ኖራለች፤ ለአዲስ አበባው ደግሞ ወይ የጦርነት ታሪክ ናት፣ ወይ የኮንትሮባንድ ዜና። ብዙው መንገደኛ ረፋድ ላይ ገብቶ፣ ገበያውን በጥድፊያ አዳርሶ፣ ኬላው ሳይመሽበት ለማለፍ ከቀትር በኋላ ይወጣል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድ ነገር ለመለመን ነው፦ ጅጅጋ ሂዱ፣ ምንም አትግዙ፣ ዋሉባት። ከተቻለም እደሩባት።

ሌላው ዓለም ይህ ልማድ አለው። የአቴና ሰው የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ በትራም ተሳፍሮ ወደ ግሊፋዳ ወይም ወደ ቩላ ይወርዳል፤ ባሕሩ ዳር ተቀምጦ ዓሣውን እየበላ ቀኑን ሲያሳልፍ ምን ልትሠራ ሄድክ የሚለው የለም። እኛ ከተማ የምንሄደው ለጉዳይ ነው፦ ለሥራ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ፣ ለሕክምና። ጅጅጋ ባሕር የላትም፤ የምትገበያይበት ወደብ በርበራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሆኖም የባሕር ዳር ከተማ ጠባይ አላት። የምትበላው ሩዝ፣ የምትለብሰው ጨርቅ፣ የምትቀባው ሽቶ፣ የምትሰማው ወሬ ከወደብ በኩል ይመጣል። ከሐረር ለሚመጣ ሰው የመንገዱ መጨረሻ ትመስላለች፤ ከበርበራ ለሚመጣው ግን የአገሩ በር ናት። ይህን ለማየት ከገበያ ሰዓት የረዘመ ጊዜ ያስፈልጋል።

ከሐረር እስከ ጅጅጋ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። የባቢሌን ለውዝ እየቆረጠሙ ጥቂት እንደተጓዙ የዳከታ ሸለቆ ይመጣል። ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተደራርቧል፤ አንዳንዱ ቤት የሚያህል ድንጋይ ከሥሩ ባለው ድንጋይ ላይ የቆመባት ጫፍ በጣም ጠባብ ስለሆነች በመኪና ሲያልፉ እንኳ ዓይን ፈርቶ ይነሣል። ከዚያ መንገዱ ይወጣል፣ ይጠመዘዛል፣ ካራማራ ይደርሳል። ካራማራ የሐረርጌን ደጋ ከጅጅጋ ሜዳ የሚለይ የተራራ ሰንሰለት ነው። አናቱ ላይ ሲደርሱ ፊት ለፊት ያለው አገር በሙሉ ይለጠጣል። እስከ ዓይን ዳርቻ ሜዳ ነው፦ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ በመካከሉ የግጦሽ መሬት፣ ከዚያ ወዲያ አቧራማ ሰማይ።

የዚህ ተራራ ስም ለእኛ ከአንድ ቀን ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ ከየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጋር። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር በመስከረም 1970 መጀመሪያ ላይ ጅጅጋን ያዘ፤ ለግማሽ ዓመት ያህልም ቆየባት። የኢትዮጵያ ሠራዊት ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ፣ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ሳይቀር በሄሊኮፕተር ከተራራው ጀርባ አውርዶ፣ ከተማዋን መልሶ ያዘ። የወደቁት ኩባውያን መታሰቢያ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አጠገብ ባለው የትግላችን ሐውልት ላይ ይታያል። ቀኑ በየዓመቱ ይታሰባል፤ መታሰቡም ተገቢ ነው። ቅር የሚለኝ ታሪኩን ሁልጊዜ ከተራራው ወዲህ ብቻ ቆመን መተረካችን ነው። ማዶ ሜዳው ላይ ከተማ ነበረች። ከተማዋ ስትያዝ የሸሸ አለ፣ ስትመለስ የሸሸ አለ፤ ሁለቱም የጅጅጋ ሰዎች ነበሩ።

ከተራራው ወርደው ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ ልብ የሚባለው የመንገዶቹ ቀጥ ማለት ነው። አብዛኞቹ ከተሞቻችን ከቤተ መንግሥት ወይም ከቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እንዳሻቸው ያደጉ ናቸው። አሮጌው የጅጅጋ ክፍል ግን በፍርግርግ የተሠመረ ነው። የዚህ ባለቤት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ተወስደው በፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት፣ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተሟገቱት ሰው የጅጅጋ ገዥም ነበሩ። ዘመናዊቷን ከተማ በ1916 እ.ኤ.አ. በፕላን እንደ መሠረቱ በሕይወት ታሪካቸው ይናገራሉ። ፕላኑ የወረደው ግን ስም በሌለው ሜዳ ላይ አይደለም። በ1842 እ.ኤ.አ. ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ ጅጅጋን ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ላይ ካሉት ማረፊያዎች አንዷ ብሎ ጠቅሷታል። ግመል ሲያድርባት የኖረች ስፍራ ናት፤ ተክለ ሐዋርያት መንገድ አወጡላት።

ከተማዋ የታሪክን ተቃራኒ ጫፎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣለች። በመጋቢት 1900 እ.ኤ.አ. የሶማሌው መሪ የሰይድ ሙሐመድ አብዱላህ ሐሰን ደርቪሽ ተዋጊዎች ጅጅጋ የነበረውን የኢትዮጵያ ምሽግ አጠቁ። ዛሬ በዚያችው ከተማ ሰይድ በፈረስ ላይ ሆነው ሐውልት ቆሞላቸዋል። በ1935 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ኢቭሊን ዎ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ለጋዜጣው ወሬ ፍለጋ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ አንድ ፈረንሳዊ ባላባትና ሚስቱ በስለላ ተጠርጥረው የመያዛቸውን ዜና አግኝቶ ተመለሰ። እሱም እንደ ሌላው መንገደኛ የሚፈልገውን ይዞ ነው የሄደው።

ጅጅጋ ማለዳ ላይ ታምራለች። ከፍታዋ ከ1,600 ሜትር ስለሚበልጥ የሶማሌ ክልል ሁሉ ሐሩር የሚመስለው እንግዳ ጠዋት ሹራቡን ይፈልጋል። ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሻይ ቤቶች ተከፍተዋል። ሻዩ በወተት ተፈልቶ፣ ሄልና ቀረፋ ቅርንፉድም ገብቶበት፣ ስኳሩ አስቀድሞ ተጨምሮበት ይመጣል። አብሮት ካንጄሮ ይቀርባል። የእንጀራ ዘመድ ነው፤ ያነሰ፣ የለሰለሰ፣ ኮምጣጣነቱም የቀነሰ። ስኳርና የሰሊጥ ዘይት አፍስሰውበት የሚበሉ አሉ፤ እኔ የምመርጠው በሽንኩርት የተጠበሰ ጉበት ያለበትን ነው። በላተኛው አይቸኩልም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ የሦስት አገር ወሬ ይሰማል፦ የሐርጌሳን፣ የሞቃዲሾን፣ የአዲስ አበባን። ከዚያም በሄሎካሽ ከስልኩ ይከፍላል። የኪስ ገንዘብ ሳይነካ የሚውል ሰው በሞላባት በዚህች ከተማ የክልሉ ማይክሮ ፋይናንስ አድጎ ሸበሌ ባንክ ቢሆን አይገርምም።

ቀጥሎ ወደ ወተት ሻጮቹ እንሂድ። የግመል ወተት ንግድ በሴቶች እጅ ነው፤ ሰብሳቢዋም፣ አስጫኟም፣ ቸርቻሪዋም ሴት ናት። ወተቱ ከባቢሌ፣ ከጉርሱም፣ ከሃርሺንና ከየገጠሩ ይሰበሰባል፤ የተወሰነው እዚህ ይሸጣል፣ ሌላው በጠዋት መኪና የድንበር ከተማዋን ቶጎጫሌን አልፎ ሐርጌሳ ድረስ ይሄዳል። ዛሬ የሚጫነው በቢጫ ጀሪካን ነው። ጎን ለጎን ግን አሮጌው ዕቃ አልጠፋም። ዲል ይባላል፤ ከሥራ ሥር ጠብቆ የተጎነጎነ፣ በቆዳ የታሰረ የወተት ዕቃ ነው። ወተት ከመግባቱ በፊት የተመረጠ እንጨት ፍም ይገባበትና ይታጠናል። አንዷ ሻጭ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችኝ። ጭሱ ስለታም ነው፣ ሥሩ ግን ጣፋጭ ሽታ አለው። ወተቱ ሲቀዳ ከላም ወተት የቀጠነ፣ ነጭ፣ አናቱ ላይ አረፋ ያለበት ነው። «ኤዶ፣ ሙሉ ብርጭቆ» ስላት እሷም መልሳ «ኤዶ» አለችኝ፤ በሶማሊ ደንብ አክስት የወንድሟን ልጅ በራሷ መጠሪያ «ኤዶ» ብላ ትጠራዋለች፤ የአባት ወንድምም እንዲሁ «አዴር» ይለዋል። «ለመጀመሪያ ጊዜ ነው? እንግዲያው ግማሽ ይበቃሃል። የግመል ወተት ያልለመደ ሆድ ያሯሩጣል። ነገ ሙሉውን ትጠጣለህ።» ሽያጯን የሚቀንስ ምክር ነው የሰጠችኝ። እኔም ታዘዝኩ።

የከብት ገበያው ሊያመልጥ የማይገባው ነው፤ ማለዳ መድረስ ያስፈልጋል። ግመሉ በአንድ ወገን፣ ፍየሉና በጉ በሌላው። በጉ የታወቀው የሶማሌ በግ ነው፦ ገላው ነጭ፣ ራሱና አንገቱ ጥቁር፣ ላቱ ወፍራም። መቶ በግ በአንድ ቦታ ሲቆም ከሩቅ ጥቁር ነጠብጣብ የተነጠበበት ነጭ ጨርቅ ይመስላል። ከአጠገቡ ሆናችሁ ማየት ያለባችሁ ግን የሰዎቹን እጅ ነው። ደላላው የሻጩን እጅ ይጨብጥና ሁለቱን መዳፎች በሽርጡ ጫፍ ወይም በትከሻው ኩታ ይሸፍናቸዋል። ዋጋ የሚባለው ነገር ከዚያ በኋላ በአፍ አይነገርም። አንድ ጣት ሲጨበጥ፣ ሁለት ጣት ሲጨበጥ፣ መዳፉ በሙሉ ሲያዝ የየራሱ ቁጥር አለው፤ መቶ ይሁን ሺህ ሁለቱም ያውቁታል። ሻጩ ካልተስማማ እጁን ይመነጭቃል፤ ደላላው ሊለቀው ስለማይፈልግ ተከትሎት ይሄዳል፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ በበጎቹ መካከል ይዞራሉ። ከዚያ ደላላው ወደ ገዢው ዞሮ በሌላው ጨርቅ ሥር ያንኑ ይደግማል። ዙሪያው ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያነበው ፊት ብቻ ነው። ሁሉም ጆሮውን አቁሞ በሚውልበት ገበያ የአንዱ ሰው ችግርና ትርፍ ለሌላው እንዳይገለጥ የተበጀ ዘዴ ነው፤ ሰውን የማክበር ጥበብ አድርጌ ነው የማየው።

ከዚህ የሚወጣው በግ ሩቅ ይሄዳል። በርበራ ይወርዳል፣ መርከብ ይሳፈራል፣ ጂዳ ይደርሳል። ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ገበያው ይግላል፣ ዋጋ ይወጣል፣ መኪና ይጠፋል። በተቃራኒው ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሽታን ፈርታ በ1998 እና እንደገና በ2000 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን እንስሳ ስታግድ፣ ሁለተኛው እገዳ እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ሲቆይ፣ ምቱ የተሰማው እዚሁ አቧራ ላይ ነው። ቀይ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ውሳኔ ጅጅጋ ሜዳ ላይ ያለን የአርብቶ አደር ልጅ ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ከተማዋን የባሕር ዳር ከተማ የምላት ለዚህም ነው።

ምሳ ሩዝ ነው። ሶማሌ «ባሪስ» ይለዋል። በአጥንት መረቅ የበሰለ፣ ዘቢብና ቅመም የገባበት፣ በሰፊ ሳህን ተቆልሎ አናቱ ላይ የፍየል ሥጋ የተጫነበት። አጠገቡ ሙዝ ይቀመጣል፤ እንግዳው ለማጣጣሚያ መስሎት ወደ ጎን ሲያደርገው ጎረቤቱ ልጦ ከሩዙ ጋር እየቀላቀለ ይጎርሳል። ሞክሩት። ሙዙ ቢስባስ የሚባለውን የሚያቃጥል ማባያ ያበርደዋል፣ ቢስባሱ የሙዙን ጣፋጭነት ይቆርጠዋል። ለምሳ የግመል ሥጋ ማዘዝም ይቻላል፤ በቀስታ የበሰለ ከሆነ ከበሬ ሥጋ የሚለይበት ጣዕሙ ትንሽ ጣፈጥ ማለቱ ነው። ጣሊያን ትቶት የሄደው ፓስታም በእጅ ይበላል፤ እንዳይንጠባጠብ አጠቃለው ለሚጎርሱት ሰዎች ያለኝ አድናቆት ልዩ ነው።

ከ7 ሰዓት በኋላ ከተማዋ ትዘጋለች ማለት ይቻላል። ከአወዳይ በኢሱዙ የሚበርረው ጫት ደርሷል፤ ሱቆች መዝጊያቸውን ግማሽ ያወርዳሉ፤ ወንዱ ወደየመጅሊሱ፣ ጫት ወደሚቃምበት የመቀመጫ ክፍል፣ ይገባል። ጫት የቤተሰብ ገንዘብ ይበላል፣ የሥራ ሰዓት ይበላል፤ ሴቶቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሲነግዱ ባሎቻቸው ፍራሽ ላይ ሲያመሹ ማየት ይከብደኛል፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም። ግን መጅሊሱ የሚሠራው ሌላ ሥራም አለ። የጎሳ ጠብ የሚበርደው፣ የደም ካሳ የሚቆጠረው፣ የሠርግ ወጪ የሚዋጣው፣ የነጋዴ ብድር የሚራዘመው እዚያ ነው። ጫት ሳይዙም ሻይ ይዞ መቀመጥ ይቻላል፤ እንግዳን የሚያስገድድ የለም።

እንዲህ ባለው መቀመጫ ላይ ነው የዊል ዋልን ተረት የምትሰሙት። ገራድ ዊል ዋል የጅጅጋ አካባቢ ገዥ ነበሩ፤ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል። አንድ ቀን ገራዱ ወንዶቹን ሰብስበው፣ ሰውን ከሰው የሚያጣላውን፣ የሚያዋድደውንም የበግ ብልት አምጡልኝ ይላሉ። ባለጸጋው ጎድኑን፣ ሌላው ጉበቱን፣ ሌላው ታፋውን ያመጣል። ድሃው ሰው አንድ በግ ነበረው፤ ልጁ «አባ፣ ጉሮሮውን ውሰድላቸው» ትለዋለች። ተሸማቆ ይወስዳል። ገራዱ ጉሮሮውን ሲያዩ የፈለጉት እሱን እንደሆነ ይናገራሉ፤ ሰው ለጉሮሮው ብሎ ይጣላል፣ ጉሮሮውን ተካፍሎ ይታረቃል። የማን ብልሃት እንደሆነም አጣርተው ልጅቷን ያከብራሉ። ተረቱ እንደየአውሪው ይለያያል፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው «አይደለም፣ እንዲህ ነው» ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ሌላ የሚወራ ነገርም አለ፤ በዝቅተኛ ድምፅ ነው የሚወራው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ ሰዎች በማንነታቸው ተለይተው ተገደሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናት ተገደሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ፤ ብዙ ቤተሰብ በሌሊት ከተማዋን ጥሎ ወጣ። ከቀናት በኋላ የክልሉ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ለቀቁ። ከወጡት ውስጥ እዚሁ ተወልደው፣ ሶማሊኛን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩ ነበሩ። የተመለሱ አሉ። ያልተመለሱም አሉ። ጎረቤታቸውን በቤታቸው ደብቀው ያሳደሩ ሶማሌዎችም ነበሩ፤ ሁለቱንም ታሪክ ሳይነጥሉ የሚያወሩ የከተማዋ ሰዎች አጋጥመውኛል። በጅጅጋ የሚውል ሰው የሰላም ወሬ ብቻ ይዞ ቢመለስ ከተማዋን አላያትም። ዛሬ በእሑድ ጠዋት ነጠላ ለብሰው የሚሄዱ ሴቶችና በዓርብ ቀትር ወደ መስጊድ የሚጎርፈው ሰው በአንድ ጎዳና ያልፋሉ፤ ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባውም።

ጊዜ ያለው ሰው ለቶጎጫሌ ግማሽ ቀን ይስጥ። ከጅጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ ሁለት ናት፤ ወዲህ የእኛ፣ ወዲያ የሶማሌላንድ። መስመሩ የመጣው በ1897 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ልዑክ ሬነል ሮድ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተዋውሎ፣ የድንበሩን ጉዳይ ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር በጨረሰው ውል ነው። ይኸው ውል በሁለቱም ወገን ያሉ አርብቶ አደሮች ለግጦሽ ወዲህና ወዲያ እንዲሻገሩ ይፈቅድ ነበር። ቶጎጫሌ ቆሞ የሚያይ ሰው ይህ አንቀጽ ከሌላው ሁሉ የረዘመ ዕድሜ እንዳለው ይገባዋል። አክስት ማዶ ትኖራለች፣ ግመሉ ወዲህ ይሰማራል፣ ልጁ እዚያ ይማራል። መሪያቸው በቀኝ የሆነ መኪኖች፣ በሁለት ዓይነት ገንዘብ የሚሰላ የሻይ ሒሳብ፣ ማዶ ላይ በጥቅል በጥቅል ታስሮ መሬት ላይ የተደረደረ የሶማሌላንድ ሽልንግ። ከመቀመጥ በቀር የሚሠራ የለም፤ ተቀምጦ ማየቱ ግን ይበቃል።

ሌላው መንገድ በቀብሪ በያህ አልፎ ወደ ሃርትሼክ ይሄዳል። ይህችን ስም ያነሣኋት የሽርሽር ቦታ ስለሆነች አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች የራሳቸውን ከተማ ሐርጌሳን ሲደበድቡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ወደ እኛ አገር ገባ፤ ሃርትሼክም በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ እስከ መባል ደረሰች። ወንዝ በሌለበት ሜዳ ላይ ያ ሁሉ ሰው የሚጠጣው ውሃ በቦቴ ይመጣ ነበር። መጠለያው በ2004 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። አሁን የሚታየው የሃውድ ሜዳ፣ ግራር፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ሲሚንቶ የተለሰኑ ብርካዎች ናቸው። ልብ በሉ፦ ያኔ የዚያድ ባሬ ጦር ጅጅጋን ከያዘ ገና 11 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያው መንግሥት የሸሸውን ሕዝብ የተቀበለችው ይህችው ምድር ናት። በካራማራ በዓል ንግግሮች ላይ ይህ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። መነሣት ነበረበት።

የክልሉ ሰሜን፣ የሲቲ ዞን፣ የራሱ ጉዞ ነው፤ የሚገባበትም በድሬዳዋ በኩል ነው። ሽንሌ ለድሬ ጎረቤት ናት። ኤረር ፍል ውሃና የፍራፍሬ ጥላ አላት። ከዚያ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ እያለ በረሃው እስከ ጅቡቲ ድንበር ይወርዳል፤ የአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያዎች በሙቀቱ ውስጥ ቆመዋል፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪኩ ባቡር በዚያው አቅጣጫ ያልፋል። ይህ የኢሳ አገር ነው። ሳይጻፍ በቃል ሲወርድ የኖረው የኢሳ ሕግ፣ ኄር ኢሳ፣ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ጥያቄ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚዳኙ ሽማግሌዎች ያቆዩት ሕግ ነው። ባቡሩ ላይ ሆኖ በመስኮት የሚያይ ሰው ግራሩን ያያል፤ ሥሩ ያለውን ሸንጎ ግን ወርዶ ካልተቀመጠ አያገኘውም።

ወደ ጅጅጋ ልመለስ፤ ማታው ስለቀረ። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ሱቆቹ እንደገና ይከፈታሉ፣ ባጃጁ መንገዱን ይሞላዋል። ሴቶች ስስና ሰፊውን ድራዕ ለብሰው ሲያልፉ የኡንሲ ዕጣን ጢስ አብሮ ያልፋል። ሻይ ሻጮቹ ፔርሙዛቸውንና ዝቅ ያሉ በርጩማዎቻቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ይሰየማሉ። ሠርግ ካለ ከበሮው ይሰማል። በሌለበት ማታ ደግሞ ከአንዱ ስልክ ግጥም ይለቀቃል፤ ሶማሌ ግጥምን እንደ ዜና ነው የሚሰማው። ገጣሚው ለማን እንደመለሰ፣ ማንን እንደነካ፣ የትኛው ስንኝ እንደተሳሳተ ይከራከሩበታል። አጠገቤ የነበረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊተረጉምልኝ ጀምሮ ሁለት ስንኝ ላይ ተወው። «ይህን አማርኛ አይችለውም» አለኝ፤ ከዚያ ስለ ግመሉ፣ ስለ ኮርቻው፣ ስለ ዘመቻው ሲያስረዳኝ ግጥሙ አለቀ።

ከግጥሙ ቀጥሎ የሚነሣው ዝናብ ነው። በዚህ አካባቢ በሐምሌና በመስከረም መካከል የሚጥለው ካራን የሚባለው ዝናብ የሰሜኑን አርሶ አደርና አርብቶ አደር ዓመት ይወስናል። እያንዳንዱ ሰው የሰማውን ያዋጣል፦ በሃርሺን በኩል ጥሏል፣ ከቀብሪ በያህ ወዲያ ደመናው አልፎ ሄዷል፣ በአውባሬ ሣሩ ተነሥቷል። አንድ ሽማግሌ ያልተስማሙ መሰለኝ፤ ስልካቸውን አውጥተው ለእረኛ ዘመዳቸው ደወሉ፣ ድምፁን ከፍ አድርገው ሁላችንንም አሰሙን። እረኛው በዝርዝር ተናገረ፤ የትኛው ሸለቆ እንደሞላ፣ የትኛው ብርካ ግማሽ እንደያዘ፣ የማን ግመሎች ወደየት እንደተነሡ። ሽማግሌው ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። አውባሬን አይቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላየሁም አልኳቸው።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት እዚሁ ሁን፤ የወተት መኪናው ይመለሳል» አሉኝ። «ሻዩን እዚያ እንጠጣለን፣ አዴር።»